የፀሐይዋን ክብ ፍለጋ፦ ከቅመም ተራ እስከ አስኮ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡15፤ ተክለ ሃይማኖት

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ሰዓት ሻንጣቸውን መኪና ላይ ይጭናሉ። እኔ የያዝኩት ምሳ ዕቃና ጃንጥላ ነው። መነሻዬ ተክለ ሃይማኖት፣ መድረሻዬ መርካቶ ቅመም ተራ፣ ርቀቱ በእግር ሃያ ደቂቃ። በዚያ ቀን ከከተማው ዳርቻ እንደምደርስ፣ ያውም ያለ ትኬት፣ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

መንገዱ ገና አልሞላም። የሱቆቹ የብረት በሮች አንድ በአንድ እየተንኳኩ ወደ ላይ ይጠቀለላሉ። ሽቅብ የሚገፋ ጋሪ፣ ቁልቁል የሚንደረደር ጋሪ፤ ሁለቱም «መንገድ!» ይላሉ፣ ሁለቱም አይቆሙም። ጥግ ላይ ቦንቦሊኖ ከምትጠብሰው ሴት አንድ ገዛሁና እየሮጥኩ በላሁት። ጣቴ ተቃጠለ፣ ግን አልቆምኩም። የሚያስሮጠኝ ነገር ነበር። ትናንት ማታ ሱቅ ስንዘጋ ያቋረጥኩት ታሪክ እየጠበቀኝ ነው።

12፡40፤ ቅመም ተራ

የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። በግራ ኮረሪማ፣ በቀኝ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ከላይ እርድ፣ ከታች ዝንጅብል። ከሚዛኑ ጎን አሮጌ ወረቀት ተቆልሏል። አክስቴ ወረቀቱን በኪሎ ነው የምትገዛው። ያገለገለ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ ሽፋኑ የጠፋ መጽሔት፣ ሁሉም እኛ ጋ ይመጣና ቅመም ይጠቀለልበታል። የእኔ ሥራ መመዘንና መጠቅለል ነው። ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።

ብዙ አላወራም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ አንዳንዴ በጣቴ አሳያለሁ። ከመጠቅለሌ በፊት ወረቀቱን አነባለሁ፤ ድምፄ የሚሰማው ያኔ ብቻ ነው። ቅመም የሚለቅሙት ሴቶች ሁለት ናቸው፣ እትዬ ሙሉና ከድጃ። እትዬ ሙሉ የጎጃም ሰው ናት፣ ዕድሜዋ ከአክስቴ ይቀራረባል። ከድጃ የእኔ እኩያ ናት፣ አፏ ግን የአሥር ሰው ነው። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይለቅማሉ። ሰሞኑን የያዝነው ከአንድ ሽፋን አልባ የተማሪዎች መጽሔት የወጣ የአንድ እንግሊዛዊ የኮከብ አዋቂ ታሪክ ነው። ስሙን በእኛ ፊደል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ዓይነት ሆነብኝ። ስለዚህ ሱቃችን ውስጥ እንደምንጠራው «ልጁ» እለዋለሁ።

ልጁ ከኖረ ወደ አራት መቶ ዓመት ይሆነዋል። የተወለደው ገጠር ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ገብቶ ሀብታሞቹን ተማሪዎች እያገለገለ ተማረ፣ ሳይመረቅም ወጣ። («እንዳንቺ!» አለችኝ ከድጃ እዚህ ላይ። እኔ ትልቁ ትምህርት ቤት በር ላይም አልደረስኩም፤ ግን ደስ አለኝ።) ከዚያ በርካሽ የተገዛ የሩቅ መነጽር ይዞ ብቻውን ሰማይ ያይ ጀመር። ታላላቅ ሊቃውንት የሠሩትን የኮከብ ሰንጠረዥ ራሱ ቢያሰላው ስሕተት አገኘበት። በእሱ ስሌት፣ እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በአንድ እሁድ ቀን በፀሐይ ፊት እንደ ጥቁር ነጥብ ሆና ታልፋለች። ከእሱና ደብዳቤ ከጻፈላቸው ሰዎች በስተቀር በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ፀሐይን በዓይን ቢያዩዋት ዓይን ታጠፋለች። እሱ ግን ዘዴ ነበረው። ክፍሉን አጨለመ፣ ወረቀት ላይ ክብ ሣለ፣ የፀሐይዋን ብርሃን በመነጽሩ አሳልፎ ክቡ ላይ ጣለው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ትናንት ያነበብኩት ገጽ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «እሁድ ማለዳ ተነሣ። ሰማዩ ግን በደመና ተሸፍኖ ነበር፤»

እዚህ ላይ አክስቴ መብራቱን አጠፋችው። ሱቅ መዝጊያ ሰዓት ደርሷል።

«ያያል» አለች ከድጃ በጨለማው ውስጥ።

«አያይም» አለች እትዬ ሙሉ። «እኔን ጠይቁኝ። የልጄ ክርስትና ዘነበ። የእኔ ሠርግ ዘነበ። ቤት ስቀይር ዘነበ። ሰው አጥብቆ የጠበቀው ቀን ደመና አያጣውም።»

ተወራረዱ። የተሸነፈች በር ላይ የተቀመጠውን አንድ ጆንያ ኮረሪማ ብቻዋን ትፈለፍላለች። ኮረሪማ መፈልፈል እንዴት ጥፍር እንደሚጨርስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

1፡30፤ እዚያው

ሴቶቹ መጡ፣ ነጠላቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

«በይ ብርቄ፣ ደመናውን አንሺልን» አለች ከድጃ።

ከቁልሉ ላይ የመጀመሪያውን ወረቀት አነሣሁ። ስለ ጥርስ አጠባበቅ ነው። ሁለተኛውም ስለ ጥርስ። ቁልሉን ገለበጥኩት። የልጁ ታሪክ የለም። ያኔ ትዝ አለኝ። ጠዋት ገና መብራት ሳላበራ የምን አለሽ ተራው ጋሽ ሸምሱ መጥቶ ነበር። ሚስቱ ያዘዘችውን ሩብ ኪሎ ጥቁር አዝሙድ መዝኜ፣ እጄ የደረሰበትን ወረቀት እንደ ጥሩንባ ጠቅልዬ፣ ሞልቼ ሰጠሁት። ከቁልሉ በላይ የነበረው ወረቀት እሱ ነው።

«ሸጥኩት» አልኩ።

«ማንን?»

«ልጁን።»

ከድጃ ጭኗን መታች። እትዬ ሙሉ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ግማሽ ነበር። «አላልኳችሁም? ይኸው ደመናው እስከዚህ ድረስ መጣ።» አክስቴ ሚዛኑን ስትወለውል ቆየችና ቀና አለች። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። «እኔም እኮ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት» አለች። «ሂጂና ተከታተዪው። መጨረሻውን ሳታመጪ እንዳትመለሺ። አየ ወይስ አላየም፣ ቁርጡን ብቻ!»

ጉዞዬ እንዲህ ተጀመረ።

2፡50፤ ምን አለሽ ተራ

በካርታ ቢሆን ቅርብ ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ርቀት የሚለካው በእርምጃ ሳይሆን ከፊትሽ በሚመጣው ጭነት ነው። መጀመሪያ ስፖንጅ ፍራሽ የተሸከመ ሰው መጣብኝ። ሰውየው አይታይም፤ አራት ፍራሽ በሁለት እግር ይራመዳል። ልሸሽ ስል ከኋላዬ ሌላ የፍራሽ ክምር መጣና መሀል ገባሁ። ሁለቱ ፍራሾች እየተሰዳደቡ፣ እኔን እንደ እንቁላል መሀላቸው ይዘው ወደማላውቀው መንገድ ወሰዱኝ። ከወጣሁ በኋላ መንገድ መጠየቅ አፈርኩና ጆሮዬን ተከተልኩ። ምን አለሽ ተራ ሳይታይ ነው የሚሰማው።

ቋ ቋ ቋ፣ ጭው። የዘይት ቆርቆሮው ጣሳ ይሆናል፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪናው ጎማ ባልዲ ይሆናል። አንዱ ምድጃ ሆድ ላይ የዘይት ፋብሪካው የፀሐይ ሥዕል ገና አለ። ጋሽ ሸምሱ ከነመቀሱ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሥራው ክዳን፣ ማንቆርቆሪያና ጀበና ማስቀመጫ ነው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ወረቀቱ» አልኩ።

አልሰማኝም። ደገምኩ። ጆሮውን አመለከተኝ። ሦስተኛ ስደግም እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ጎረቤቱ መዶሻውን አቆመ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት አቆመ፣ ዝምታው እንደዚያ እየተቀባበለ እስከ ተራው ጫፍ ደረሰ። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች መዶሻቸውን አየር ላይ ይዘው አዩኝ። በሕይወቴ እንዲህ የተደመጥኩበት ቀን የለም።

«ወረቀቱ» አልኩ ለመንደሩ ሁሉ።

«የምን ወረቀት ልጄ?»

«አዝሙዱ የነበረበት።»

«አዝሙዱን ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩት። ወረቀቱን ቆረጥኩት።»

እንዴት እንደሆነ አስረዳኝ። አንድ አምቦ አካባቢ ማር የሚያመርቱ ሽማግሌ ለሦስት ማሰሮዎቻቸው ክዳን ሊያሠሩ መጥተው ነበር። የማሰሮውን አፍ በገመድ ለክተው ነው የመጡት። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ በገመድ ልክ አይቆርጥም። ገመድ ይለጠጣል፣ ክዳኑ ይሰፋል፣ ማሩ ውስጥ ጉንዳን ይገባል። ስለዚህ የእሱ አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ልኩን ወረቀት ላይ አውጥቶ በክብ ይቆርጣል፣ ወረቀቱን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጦ በምስማር ዙሪያውን ይጭራል፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ይቆርጣል። በመጨረሻ የወረቀቱን ክብ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሌላ ክዳን ቢያምራቸው ማሰሮ ተሸክመው እንዳይመጡ።

«ስለዚህ ክቡ ሄዷል» አልኩ።

«ክቡ ሄዷል። ጥጎቹ እዚህ መሬት ላይ ናቸው።»

ተንበረከክሁ። የቆርቆሮ ቁርጥራጭ እንደ ጥፍር ነው፤ ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። አራቱንም ጥጎች አገኘሁ። አንጥረኞቹ ከበውኝ ቆሙ። «አንብቢው እስቲ» አሉ። አነበብኩ፤ ለራሴ እንጂ ለእነሱ አልነበረም፣ ግን ሰሙ።

አንደኛው ጥግ፦ «…ጓደኛውን ሊጠይቅ ለመሄድ አንድ ቀን ሲቀረው በድንገት…»

ሁለተኛው፦ «…ዕድሜው ገና ሃያ ሁለት ነበር።»

ሦስተኛው፦ «…ከጻፋቸው ወረቀቶች ከፊሎቹ በጦርነት፣ ከፊሎቹ በእሳት…»

አራተኛው፦ «…ነገሥታት በሚቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ስሙ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ…»

«ሞተ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሞተ» አልኩ። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

ስለ እሁዱ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ኮረሪማው ነገርኳቸው። «አይቶ ነው የሞተው ሳያይ?» አለ ጋሽ ሸምሱ። ነገሩን ከእኔ የሰማው ገና አሁን ቢሆንም ልቡ ተያዘ። ከዚያ ራሱ መለሰ። «ስሙን በነገሥታት ቤት በድንጋይ የጻፉለት ደመና ስላየ ነው እንዴ? አይቷል!»

«ስሌቱ ትክክል ስለሆነስ ቢሆን?» አለ ጎረቤቱ። «ያሰበው ልክ ሆኖ ዓይኑ ሳያየው የሞተ ሰው የለም?»

ተከራከሩ። ተራው ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ሸምሱ በመቀሱ ወደ ምዕራብ ጠቆመ። «አባባ ቶሎሳ ይባላሉ። አሁን ነው የወጡት። የአምቦ መኪና ይዘው ነው የሚሄዱት። ነጭ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ሦስቱን ክዳን በሲባጎ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሩጪ!»

3፡25፤ አውቶቡስ ተራ

ሮጥኩ። ጃንጥላዬን ጋሽ ሸምሱ ጋ እንደረሳሁት የገባኝ አውቶቡስ ተራ በር ላይ ነው።

እዚህ ቦታ የቆመ ሰው ተጓዥ ነው ተብሎ ነው የሚወሰደው። አንድ ደላላ ክንዴን ያዘ። «ነቀምት ነሽ? ጅማ? ወሊሶ?» ሌላው በዚያኛው ክንዴ። «ሻንጣሽስ? ሻንጣ የለሽም? ተሰረቅሽ?» «አልተሰረቅኩም» አልኩ። አላመኑኝም። አንዱ ሌባውን ሊፈልግልኝ ተነሣ።

የአምቦው ቅጥቅጥ የቱ ጋ እንደሚቆም ጠየቅኩ። ሦስት ሰው ወደ ሦስት አቅጣጫ ጠቆመኝ። ሩቅ ላይ «አምቦ ሞልቷል! አምቦ ሞልቷል!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በዚያ ጩኸት መሀል ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ቆሜ ብቀር ልጁ ወደ አምቦ ሄዶ ከማር ማሰሮ ጋር ሊኖር ነው። አክስቴ ሱቅ ሄጄ «አላውቅም» ልል ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩና ጮህኩ። «ክዳን የያዙ አባባ!»

ድምፄ ትንሽ ነበር። ጆንያ የተሸከመ አንድ ወዛደር ግን ከእኔ ተቀበለና በእሱ ድምፅ ደገመው። «ባለ ክዳን አባት!» ሌላው ተቀበለ። «ባለ ክዳን!» ደላሎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ገቡበት፤ አንዱማ «ባለ ክዳን አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ። ከአንድ ሰማያዊ ቅጥቅጥ መስኮት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ነጭ ባርኔጣ ብቅ አለ። ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያሉትን ክዳኖች እያጋጩ «እኔ ነኝ! ምን አጠፋሁ?» ይላሉ።

3፡40፤ በቅጥቅጡ ውስጥ

አባባ ቶሎሳ ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ጎናቸው የተቀመጠችው ወፍራም ሴት ሁለት ዶሮ ይዛለች። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ።

«አባባ፣ ጋሽ ሸምሱ የሰጠዎት የወረቀት ክብ አለ?»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልኬን?»

«ላንብበውና እመልስልዎታለሁ።»

«ልክ ይነበባል እንዴ?»

«ልኩን ሳይሆን ጽሑፉን ነው።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በጥንቃቄ አወጡት። አዝሙድ አዝሙድ ይሸታል። የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ወረቀት፣ በሁለቱም በኩል የተጻፈበት። ለራሴ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማንበብ ጀመርኩ። አባባ ቶሎሳ ወረቀቱን በጣታቸው ያዙት።

«በኪሴ ይዤ ልሄድ የነበረውን ነገር እኔም ልወቀው እንጂ። ጮክ በይ።»

ስለ ልጁ በአጭሩ ነገርኳቸው። ባለ ዶሮዋ ሰማች። የኋላዎቹም «ምንድነው? ምን አለች?» አሉ፤ እንደገና ነገርኩ፣ ትንሽ ጮክ ብዬ። ከዚያ ማንበብ ቀጠልኩ። ክብ ስለሆነ ላይኛው መስመር ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ቃላት ግማሻቸው የለም።

«…እርሱ ግን ተስፋ…» አልኩ።

«ተስፋ ምን?» አሉ ከኋላ።

«ተቆርጧል።»

«ቆረጠ ይሆናላ!»

«ዝም በሉ፣ ከሥር አለ። '…ረጠም' ይላል።»

«አልቆረጠም!» አለ መኪናው በሙሉ።

ቀጠልኩ። ከማለዳ ጀምሮ ክቡን ሲመለከት ዋለ። ደመናው ለአፍታ ይከፈታል፣ ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ትመጣለች፣ ነጥብ የለም፤ ደግሞ ይዘጋል። ከዚያ ሊተወው ለማይችል ጉዳይ ተጠርቶ ሄደ።

«የት ነው የሚሄደው?» ባለ ዶሮዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «በዚህ ሰዓት ጥሎ ይሄዳል?»

«እሁድ አይደል እንዴ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል» አሉ አባባ ቶሎሳ።

«ታዲያ አንድ ሰው ወረቀቱን እንዲጠብቅለት አያስቀምጥም?»

«ብቻውን ነው» አልኩ። እኔም ተናድጄ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁ። «'ሲመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷት ነበር። በዚያች ቅጽበት ደመናው…'»

መስመሩ አለቀ። ቀጣዩ መስመር ጠርዙ ላይ አዝሙድ ተጣብቆበታል። በጥፍሬ ፋቅኩት።

«በይ እንጂ ልጄ፣ ልቤ ቆመ!» አለች ባለ ዶሮዋ።

«'…ገለል አለ። በተሣለው ክብ ውስጥ፣ ከፀሐይዋ ጠርዝ ገባ ብላ፣ ፍጹም ክብ የሆነች ጥቁር ነጥብ አየ።'»

መኪናው በጭብጨባ ፈረሰ። ባለ ዶሮዋ አቀፈችኝ፤ አንዱ ዶሮ መሀላችን ተጨፍልቆ ጮኸ። አባባ ቶሎሳ ሁለት ክዳን አነሡና እንደ ጽናጽል አጋጯቸው። ሾፌሩ በመስታወት እያየን «ማነው የተሞሸረው?» አለ። «አንድ ልጅ ኮከብ አየ!» አሉት። «የኛ ሰፈር ልጅ ነው?» «እንግሊዝ ነው፣ ሞቷል!» «ነፍስ ይማር» አለና ጥሩንባውን ነፋ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። በጀርባው ስለ ጓደኛው ነው። ልጁ ደብዳቤ የጻፈለት ጓደኛው በሌላ ከተማ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። ለእሱም ልክ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደመናው ተከፈተለት። ነጥቧን ባየ ጊዜ ግን ከደስታ ብዛት ደንዝዞ ቆሞ ቀረ፣ በቅጡ መለካቱን ረሳ። ሲነቃ ደመናው ተመልሶ ዘግቶታል።

አባባ ቶሎሳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄኛውን ወደድኩት። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የምሆነው። ያኛው ይለካ፣ እኔ ልደንዝዝ።»

ልጁ ግን ለካ። ሦስት ጊዜ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ፣ ከዚያ ፀሐይ ጠለቀች። ወረቀቶቹ ግማሾቹ ጠፍተው ግማሾቹ ተርፈው፣ ከሞተ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ታተሙ። ሊቃውንት «ይህን መጀመሪያ ያየው ማነው?» ሲሉ መልሱ እሱ ሆነ። እስከ ዛሬም እሱ ነው።

ቀና አልኩ። መኪናው ሳላውቀው ተነሥቶ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ዊንጌት አልፏል።

4፡20፤ አስኮ

«ወራጅ!» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ በሦስተኛው ባለ ዶሮዋ ረዳችኝ።

«ትኬትሽ?» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድነሽ?»

«አንባቢ ናት!» አሉ ከኋላ። አላስከፈለኝም።

አንድ ወጣት ተሳፋሪ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊልክልኝ ፈለገ። ስልኬን አሳየሁት፤ ባለ ቁልፍ ናት፣ ከድምፅ በቀር የምትቀበለው የለም። አባባ ቶሎሳ ክቡን በእጃቸው እንደያዙ ተጨነቁ። «ልስጥሽ? ግን ልኬ ነው። ክዳኑ ቢጠፋ በምን አሠራለሁ?» እመልስልዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። «ይያዙት» አልኩ። ወደ ኪሳቸው ሲመልሱት ሁለት ጊዜ ዳበሱት። «አሁን ምን እንደያዝኩ አውቄያለሁ» አሉ። ቅጥቅጡ ወደ ቡራዩ ሲሄድ ክዳኖቹ ከሩቅ ይሰሙኝ ነበር።

አስኮ መንገድ ዳር ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁ። ውስጡ ምስር፣ ቃሪያው እሳት። የተቆረጠው ጣቴ ያቃጥላል፣ ሳቄ ይመጣል። ሰዎች ብቻዋን የምትስቅ ልጅ ብለው አዩኝ። ሰማዩ ላይ ደመና ነበር፤ ምንም አላልኩትም። ወደ አውቶቡስ ተራ የሚመለሰው ታክሲ እስኪሞላ ቆይቶ ተነሣ።

6፡30፤ ቅመም ተራ

ሱቁ በር ላይ ሦስቱም ቆመዋል። ጎረቤት ሻጮችም ነገሩን ሰምተው መጥተዋል። ኮረሪማው ጆንያ መሀላቸው ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም።

«አየ?» አለች ከድጃ ገና ሳልደርስ።

«ወረቀቱስ?» አለች አክስቴ።

እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ባዶ ነው። «አምቦ ሄዷል» አልኩ።

«እንግዲያውስ አላወቅሽም» አለች እትዬ ሙሉ። ማሸነፏ እንኳ አላስደሰታትም። ጀርባዋን ልታዞር ስትል እጇን ያዝኩ።

«አውቄያለሁ። ቁጭ በይ።»

ያለ ወረቀት ተናግሬ አላውቅም። ዓይኔን የማሳርፍበት ፊደል ስለሌለ የእትዬ ሙሉን ፊት አየሁ። ከማለዳው ጀመርኩ። «ኧረ ቁርጡን ንገሪን!» አለች ከድጃ። «አልነግርም፣ በተራው ነው» አልኩ፤ ከእኔ አፍ መውጣቱ ለእኔም ገረመኝ። በእጆቼ ክቡን ሠራሁ። ደመናውን አመጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ለጉዳይ ተጠርቶ ሲሄድ አክስቴ ሚዛኑን በጡጫ መታችው። ሲመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ እንደሆነ ስነግራቸው እትዬ ሙሉ አንገቷን ደፋች።

«አላልኩም?» አለች ቀስ ብላ።

«ደመናው ገለል አለ» አልኩ።

ቀና አለች።

«ገለል አለ እትዬ ሙሉ። ጥቁሯን ነጥብ አያት። ወረቀቱ ላይ፣ ክቡ ውስጥ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።»

ከድጃ «ይኸው!» ብላ ዘለለች፣ ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። እልልታው ግን ከእትዬ ሙሉ ነው የመጣው፣ ረጅም፣ ሠርግ ላይ እንደሚሰማው። ጨርሳ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ጆንያውን በሁለት እጇ ጎትታ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። የመጀመሪያውን ኮረሪማ ሰበረች።

«እፈለፍላለሁ፣ ተሸንፌያለሁ» አለች። «አንቺ ግን ደመናው የተከፈተበትን እንደገና ንገሪኝ።»